የሚያጉረመርም በር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሆናችሁ የምትከታተሉን ወገኖቻችን፣ የዛሬው የቤት ጥገና ትምህርታችን የሚጀምረው በድምፅ ነው። እስቲ ልብ ብላችሁ አድምጡ።

(ድምፅ፦ ከባድ የመስተዋት በር በግድ ሲጎተት፤ ይፈጫል፣ ይንቀጫቀጫል፣ ቆም ይላል)

አወቃችሁት? ከሳሎን ወደ ደክ ወይም ወደ ጓሮ የሚያስወጣው፣ ፓቲዮ ዶር የምንለው ተንሸራታች የመስተዋት በር ነው። በዚህ አካባቢ ታውንሃውስ የገዛም ሆነ ኮንዶ የተከራየ ብዙ ሰው አንድ አለው። በደህናው ጊዜ ማንም አያስታውሰውም። ማስቸገር ሲጀምር ግን ቤተሰቡ የየራሱን ዘዴ ያበጃል። አንዱ በትከሻው ይገፋል፣ አንዱ መቃኑን በእግሩ ረግጦ ይጎትታል፣ ሌላው ተስፋ ቆርጦ በዋናው በር ዞሮ ይወጣል። ጉልበተኛ ጎረምሳ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ እጀታው አንድ ቀን ተነቅሎ እጁ ላይ ይቀራል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ጉልበት የሚጠይቅ ተንሸራታች በር ችግሩ ያለው እግሩ ሥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በቫኪዩምና በካቻቢቴ ይድናል። እውነት አዲስ በር የሚያስፈልገው ቤት ጥቂት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለምክንያት አይደለም። በሩ አልንሸራተት ሲል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚደውለው በርና መስኮት ለሚሸጥ ድርጅት ነው። የሚመጣውም ሰው ሻጭ ነው፣ ሻጭ ደግሞ ያለውን ይሸጣል። በሩን አንዴ ገፋ አድርጎ ያይና ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ወረቀቱን ያወጣል፤ ከነገጠማው ሺዎች ዶላር ነው። ከበሩ ሥር ያሉት ሁለት ሮለሮች ግን ብዙ ጊዜ ከ50 ዶላር አይበልጡም።

በሉ፣ መጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። የተለመደው በር 6 ጫማ ስፋትና 80 ኢንች ቁመት አለው። ሁለት መዝጊያዎች አሉት፤ አንደኛው ተቸንክሮ የቆመ፣ ሁለተኛው የሚንሸራተት። የሚንሸራተተው መዝጊያ መስተዋቱ ድርብ ስለሆነ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ሰፊ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ክብደት ከላይ የተንጠለጠለ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አልተንጠለጠለም። ከጉበኑ ሥር ያለው ቦይ መዝጊያው ወዲያና ወዲህ እንዳይወድቅ ይይዘዋል እንጂ አይሸከመውም። ሸክሙ በሙሉ ያረፈው ከመዝጊያው ታች፣ በግራና በቀኝ ጥግ በተደበቁ ሮለሮች ላይ ነው። ሮለር ከብረት ወይም ከናይለን የተሠራች፣ ከ1 ኢንች ብዙም የማትበልጥ መንኮራኩር ናት፤ ደፉ ላይ በተዘረጋ ቀጭን ሐዲድ ላይ ትሽከረከራለች። እንግዲህ ግማሽ ኩንታል ጤፍ በሁለት የሳንቲም ያህል መንኮራኩሮች ላይ ጭናችሁ በቀን አሥር ጊዜ ትጎትታላችሁ ማለት ነው። ቢያጉረመርም ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ሬዲዮ መሆናችን እዚህ ላይ ጠቀመን፤ ተንሸራታች በር የሚመረመረው በጆሮ ነውና። ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ልጆቹን ዝም አሰኙ፣ በሩን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ ክፈቱና መልሳችሁ ዝጉ። የምትሰሙት ከሚከተሉት ድምፆች አንዱን ነው።

(ድምፅ፦ ጠጠር እንደሚፈጭ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር የማያቋርጥ)

ይህ ቆሻሻ ነው። አሸዋና አቧራ ሐዲዱ ላይ ተጋግሯል፣ ሮለሩም በላዩ ይሄዳል። ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ በዚህ ደረጃ የደረሰባችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

(ድምፅ፦ ሲጥጥጥ የሚል፣ ብረት በብረት ላይ ሲጎተት)

ይኸኛው ጥርስ ያንገሸግሻል አይደል? ሮለሩ መሽከርከሩን አቁሟል። ዝጎ ሊሆን ይችላል፣ ፀጉር ተጠምጥሞበት ሊሆን ይችላል። መንኮራኩር መሆኑ ቀርቶ ሐዲዱን የሚልግ ሞረድ ሆኗል። ይህን እየሰማ ዓመት ሙሉ የታገሠ ሰው ሮለሩን ብቻ ሳይሆን ሐዲዱንም ያጣል።

(ድምፅ፦ ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ…)

ይህ ደግሞ ሁለት ትርጉም አለው። ቀጭታው በእኩል ርቀት የሚደጋገም ከሆነ የሮለሩ ጎን ተበልቷል፤ በዞረ ቁጥር ያ ጎኑ ሐዲዱን ይመታል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሐዲዱ ነው። የሆነ ጊዜ አንድ ከባድ ዕቃ ወድቆበት ወይም ሶፋ ሲገባ ተረግጦ ጎድጉዷል። የሚይዝበትን ቦታ ደፉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

የመጨረሻው ምንም ድምፅ የሌለው፣ ግን ከባድ የሆነ በር ነው። እሱን ላሰማችሁ አልችልም። ይህ በር ከላይ ወይም ከጎን አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ማጽዳቱን የማታውቁት ሥራ ስላልሆነ ረጅም ጊዜ አንወስድበትም። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፦ መጀመሪያ በደረቁ፣ ከዚያ በእርጥቡ። የቫኪዩሙን ቀጭን አፍ ሐዲዱ ግራና ቀኝ አስገቡ፤ የተጋገረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር ፈቅፍቁ፤ እንደገና ቫኪዩም አድርጉ። ከዚያ በኋላ ነው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ሙቅ ውሃ የሚመጣው። ውሃ ያስቀደመ ሰው አቧራውን አቡክቶ ጭቃ ያደርገውና ወደ ሮለሩ ይገፋዋል። ሐዲዱ ካለበት የታች ቦይ የሚወጣውን ስታዩ የቤታችሁን ታሪክ ታነባላችሁ። የደረቀ ቅጠል ስብርባሪ፣ የውሻ ፀጉር፣ ከልጆች ጫማ የረገፈ አሸዋ የሁሉም ቤት ነው። የኛ ቤት ደግሞ የራሱ ጭማሪ አለው፤ በዓል በመጣ ቁጥር የሚጎዘጎዘው ቄጠማና እንግዳ ወደ ደክ ሲወጣ ሲገባ የሚረግፈው ፈንዲሻ። ቄጠማው ሲደርቅ ክር ክር ይሆንና ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል። ተዉ አልልም፤ በበዓሉ ማግስት ግን ቦዩን ቫኪዩም አድርጉት።

ማጽዳት ላይ ሳለን ሰው የማያያትን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ወደ ውጭ ውጡና ደፉን ከፊት ለፊቱ፣ ከታች በኩል ተመልከቱ። አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ታገኛላችሁ። ዝናብ ወደ ቦዩ ሲገባ መውጫው በነሱ ነው። በጭቃ ከተደፈኑ ውሃው ቦዩ ውስጥ ይተኛና ሮለሩን ያዝገዋል፤ ብሶ ከፈሰሰም ከሥር ያለውን የወለል እንጨት ያበሰብሳል። «ነፋስ ያስገባል» ብለው በሲሊኮን የሚደፍኑትም አሉ። እባካችሁ አትድፈኑ። በቀጭን ሽቦ ከከፈታችሁ በኋላ አንድ ስኒ ውሃ ቦዩ ውስጥ አፍስሱ፤ ውጭ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ሠርቷል።

አሁን ስለ ቅባት። ሐበሻ ቤት ውስጥ የሚጮህ ነገር ሁሉ ዘይት ይጠጣል። የምግብ ዘይት፣ ቫዝሊን፣ የመኪና ግራሶ፣ የተገኘው ሁሉ። ሐዲድ ላይ ግን እነዚህ ሁሉ ጠላት ናቸው። ሳምንት ያህል በሩ እንደ አዲስ ይሄዳል፤ ከዚያ ቅባቱ አቧራውን ይጠራና ሁለቱ ተዋሕደው ጥቁር ሊጥ ይሆናሉ። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለው ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮም ለዚህ አይሆንም። በፈረንጆቹ 1953 ሲሠራ የታሰበው ውሃና ዝገትን ለመከላከል ነው፤ የዛገ ብሎን ለማላቀቅ ወደር የለውም፣ ሐዲድ ላይ ግን አይቆይም። የሚያስፈልጋችሁ ሲደርቅ የማያጣብቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ነው። እሱንም ጨርቅ ላይ ነፍታችሁ በጨርቁ ሐዲዱን አብሱት። በቀጥታ ከነፋችሁት ወደ ወለሉ ይረጫል፤ ሲሊኮን የነካው የእንጨት ወለል ደግሞ ሰው ያንሸራትታል። ሽማግሌ ያለበት ቤት ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አጽድታችሁም አሁንም ከባድ ከሆነስ? እስቲ ከአድማጮቻችን በስልክ የተተወልንን አንድ መልእክት እንስማ።

(የተቀዳ ድምፅ፦ «እንደምን ዋልክ ልጄ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምደውለው። የኛ በር ጠዋት ጠዋት ሰላም ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ግን ንቅንቅ አልል ይላል። ማታ ደግሞ ተመልሶ ይሻለዋል። ወንዱ ልጄ ደጋግሞ ጠርጎታል፤ ምንም ለውጥ የለም። በሩ ነው ያረጀው ወይስ እኔ? እግዜር ይስጥልኝ።»)

እማማ፣ እግዜር ያክብርልን። እርስዎም አላረጁ፣ በሩም ላያረጅ ይችላል። ሰዓቱን ለይተው ማስተዋልዎ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። የበርዎ ፍሬም ነጩ ቪኒል ከሆነ ፕላስቲክ ነው፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ወደ ምዕራብ የዞረ በር ከሆነ በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊት ለፊት ያገኘዋል። ከመዝጊያው በላይ ያለው ክፍተት በቂ ከሆነ ይህ አይታወቅም። ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ ከተገጠመ ግን በተለጠጠ ጊዜ ጉበኑን ይነካና ይጣበቃል። ስለዚህ ልጅዎ መጥረጉን ይተወውና መዝጊያውን ትንሽ ዝቅ ያድርገው። እንዴት እንደሆነ አሁን እናገራለሁ። የእንጨት በር ያላችሁም ተመሳሳይ ነገር ታያላችሁ፤ ልዩነቱ የእናንተን የሚያሳብጠው የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት መሆኑ ነው። ብርዱ ሲመጣ ራሱ ይለቃል።

ጠዋትም ማታም፣ በጋም ክረምትም ያለድምፅ የሚይዝ በር ያላችሁ ግን ሜትር አምጡ። ከደፉ እስከ ጉበኑ ያለውን ቁመት በግራ ጫፍ፣ በቀኝ ጫፍና መሐል ላይ ለኩ። የመሐሉ ከጫፎቹ ሩብ ኢንች ያህል ካነሰ ጉበኑ ጎብጧል። ከላይ ያለው የቤቱ ሸክም በሩ ላይ እየወረደ ነው ማለት ነው። ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚሄድ የግድግዳ ስንጥቅ ካለበት ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል። ይህን ብሎን አያስተካክለውም፣ አዲስ በርም አያስተካክለውም። ፈቃድ ያለው የግንባታ ባለሙያ መጥቶ ይየው። ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው።

ወደ ማስተካከያው ልለፍ፤ ከዛሬው ትምህርት ሁሉ አጥብቃችሁ እንድትይዙት የምፈልገው ይህንን ነው። በየሮለሩ አጠገብ መዝጊያውን ከፍና ዝቅ የምታደርግ አንዲት ብሎን አለች። ቤቱን ሲገዙ ማንም ስለማይነግራቸው አሥራ አምስት ዓመት ኖረውበት የማያውቋት አሉ። ተንበርከኩና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከመዝጊያው ታች፣ በጠርዙ ወይም በፊቱ በኩል ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በትንሽ ክብ የፕላስቲክ ክዳን ተሸፍናለች፤ ክዳኗን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቁ። አንዳንድ በር ጠርዙ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። የላይኛው ብዙውን ጊዜ የመዝጊያውን ማዕዘን አጣብቆ የያዘው ብሎን ነው፤ እሱን አትንኩ። የምትፈልጉት የታችኛዋን ነው።

ጫፉ መስቀል የሆነ፣ የብሎኗን ራስ በደንብ የሚሞላ ካቻቢቴ አስገቡ። ቆዩ ግን፣ ገና አታዙሩ። ያ ሁሉ ኪሎ ብሎኗ ላይ ተጭኖ ሳለ በግድ ካዞራችኋት ራሷ ይላጣል፤ የተላጠ ብሎን ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ ሌላ ሰው ጠፍጣፋ የብረት ማንሻ ከመዝጊያው ሥር አስገብቶ፣ ደፉ እንዳይጎዳ ከብረቱ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጎ፣ በጣም ትንሽ ከፍ ያድርግላችሁ። ክብደቱ ሲነሣ ብሎኗ በሁለት ጣት ትዞራለች። በአብዛኛው በር በሰዓት አቅጣጫ ስትዞር መዝጊያው ከፍ ይላል፤ ግን ተገላቢጦሽ የሆኑም አሉ፣ ስለዚህ ዓይናችሁ ከመዝጊያው አይነሣ። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ዙር አትለፉ።

መቼ ነው የምታቆሙት? በሩን ሊዘጋ ግማሽ ኢንች ሲቀረው አቁሙትና በመዝጊያው ጠርዝና በመቃኑ መሐል የሚታየውን የብርሃን መስመር ተመልከቱ። ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ በቁልፉ በኩል ያለው ጥግ ወርዷልና የዚያን ጎን ሮለር ከፍ አድርጉ። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ የወረደው የኋላው ጥግ ነው። መስመሩ እኩል ከሆነ በኋላ የመዝጊያው ሆድ ደፉን እንደማይነካ፣ አናቱም ጉበኑን እንደማይፍቅ አረጋግጡ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናታችን ልጅ ደግሞ ሁለቱንም ብሎኖች እኩል፣ ግማሽ ግማሽ ዙር ዝቅ ያድርግ፤ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ይሥራው እንጂ ጠዋት አይሥራው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላም ሲጥ የሚል ከሆነ ሮለሩ ሞቷል፤ መዝጊያው መነሣት አለበት። ይህ የሁለት ጠንካራ ሰዎች ሥራ ነው። ጓንትና የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፤ ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። ከሁሉ በፊት የመስተዋቱን ማዕዘኖች በባትሪ ፈትሹ፤ አንዱ ጥግ ላይ የደኅንነት መስተዋት መሆኑን የሚገልጽ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ተቀርጾ ታያላችሁ። የፌዴራሉ መንግሥት ለመስተዋት በሮች ይህን ግዴታ ያደረገው በፈረንጆቹ 1977 ነው። ይህ አካባቢ ደግሞ በ1960ዎቹ በተሠሩ ቤቶች የተሞላ ነው። የናንተ በር ከዚያ ዘመን ተርፎ ጽሑፉ ከሌለው፣ ሲሰበር እንደ ቢላዋ የሚቆርጥ ተራ መስተዋት ሊሆን ይችላልና በራሳችሁ አታንሡት።

ጽሑፉ ካለ ቀጥሉ። መጋረጃውን አውርዱ። ከጉበኑ ቦይ ውስጥ፣ ከመዝጊያው በላይ፣ በብሎን የተያዘ የፕላስቲክ ቁራጭ ካለ ፍቱት፤ ሌባ ከውጭ መዝጊያውን አንሥቶ እንዳያወጣው የተደረገ ነው። በማስተካከያዎቹ ብሎኖች ሁለቱንም ሮለሮች እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ መልሱ። በሩን ግማሽ ከፍታችሁ፣ ከውስጥ ቆማችሁ፣ ግራና ቀኝ ያዙትና ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት። የላይኛው ቦይ ጥልቅ ስለሆነ መዝጊያው ወደ ውስጡ ይገባል፤ ያኔ እግሩ ከሐዲዱ ይላቀቃል። እግሩን ወደ እናንተ ሳቡና ዝቅ አድርጋችሁ አውጡት። ሮለሩ ሐዲዱን አልለቅ ካለ ሦስተኛ ሰው በቀጭን ቢላዋ ወደ ላይ ይጫነው። ተንሸራታቹ መዝጊያ በውጭ በኩል የሆነበት አሮጌ የአሉሚኒየም በር ያላችሁ ግን ይህ አካሄድ አይሠራላችሁም፤ ባለሙያ ጥሩ።

ያወጣችሁትን መዝጊያ በፍጹም በጥጉ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ እንዳታቆሙት። የደኅንነት መስተዋት ፊቱን ብትመቱት የሚችለውን ያህል ጠርዙን አይችልም፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ነገር ከነካው በአንድ ጊዜ ብትንትኑ ሊወጣ ይችላል። ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉለት።

ሮለሩ በአንድ ብሎን ይያዛል ወይም ተሰክቶ ብቻ ይቀመጣል፤ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወጣ ይላል። በጣታችሁ አሽከርክሩት። ፀጉርና ክር ብቻ ከሆነ ያሠረው፣ በመቀስ ቆርጣችሁ አጽዱትና መልሱት፤ ገንዘባችሁ ተረፈ። ከተበላ ወይም ከዛገ ሁለቱንም ቀይሩ። አንዱን ብቻ የቀየረ ሰው በሩ አንካሳ ይሆንበታል። ወደ ሆም ዲፖ ወይም ሎውስ ስትሄዱ አሮጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «ለፓቲዮ ዶር የሚሆን ሮለር» ብሎ መጠየቅ «የመኪና ዕቃ አለ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው፤ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ፣ ሲገጠሙ የማይገቡ ብዙ ዓይነቶች አሉ። መመሳሰል ያለበት የመንኮራኩሩ ስፋት፣ የሳጥኑ ቁመትና ወርድ፣ የብሎኑም ቦታ ነው። እዚያ ከጠፋ የበሩን ፋብሪካ ስም ፈልጉ፤ ከመስተዋቱ ጥግ ወይም በሁለቱ መስተዋቶች መሐል ካለው የብረት ጠርዝ ላይ ይገኛል። ሮለር ብቻ የሚሸጡ የኢንተርኔት ሱቆች በፎቶና በልኬት ለይተው ይልካሉ።

መዝጊያው ወጥቶ ሳለ ሐዲዱን ሳታዩ አትመልሱት። በፕላስተር ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ ዘምሞ ከሆነ በፒንሳ ቀስ እያላችሁ አቅኑት፤ ፒንሳው እንዳይቧጥጠው ጨርቅ ጠቅልሉበት። ጥርስ ጥርስ ያወጣውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ሐዲዱ እስከ ማለቅ ከተበላ ደግሞ ከላዩ የሚለበስ ቀጭን የማይዝግ ብረት ሽፋን ይሸጣል። በልኩ በብረት መጋዝ ቆርጣችሁ ታለብሱታላችሁ፤ አዲስ ሮለር በተበላ ሐዲድ ላይ ማስኬድ ገንዘብ መጣል ነው።

ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነው፦ አናቱ መጀመሪያ፣ እግሩ ቀጥሎ። ሮለሮቹን አውርዳችሁ የብርሃኑን መስመር እንደገና አስተካክሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች ደስ ብሏቸው ዕቃ መሰብሰብ ይጀምራሉ፤ ማታ በሩ አይቆለፍም። መዝጊያው ከፍ ሲል የቁልፉ ቀንድ አብሮ ከፍ ብሏል፣ መቃኑ ላይ ያለው መያዣ ግን በቀድሞ ቦታው ቆሟል። መያዣውን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ላላ አድርጉ፣ ቀንዱ እስኪገባ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት፣ አጥብቁ። ከጉበኑ የፈታችሁትን የፕላስቲክ ቁራጭም መልሱት፤ እሱ ከሌለ ያቀለላችሁት በር ለሌባም ቀሏል። ቦዩ ውስጥ ዱላ የምታስገቡ ሰዎች ደግሞ ዱላውን ልጁም አያቱም በጨለማ ማንሣት መቻላቸውን እዩ። እሳት ቢነሣ ይህ በር መውጫችሁ ነው።

ተከራዮች፣ ይህ ሁሉ የናንተ ሥራ አይደለም። ማጽዳቱን አጽዱ፤ የቀረውን ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂውን ያዙ። ኮንዶ ያላችሁም በሩ የናንተ ይሁን የማኅበሩ ደንቡን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ሮለር ለመቀየር ማንም አይጠይቃችሁም፣ ከውጭ የሚታየውን በር ለመቀየር ግን ፈቃድ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ሳምንት የልብስ ማድረቂያ ማሽን የአየር ማስወጫ ቱቦ እንዴት እንደሚጸዳ እናያለን። ቱቦው ከቤታችሁ በየት በኩል ወደ ውጭ እንደሚወጣ ከአሁኑ ፈልጋችሁ ጠብቁኝ። ደህና ሰንብቱ።

(የመውጫ ሙዚቃ)